ፍጥነት ክር አይበጥስም

አባቴ እኔ በምነዳው ታክሲ ተሳፍሮ አያውቅም ነበር። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሳመላልስ፣ ያኮረፈችኝ ጎረቤታችን እንኳ ሳትቀር፣ ሰፈሩ በሙሉ ተሳፍሮልኛል። አባቴ ግን በራችን ላይ ቆሜለት፣ «ግባ እንጂ አባዬ!» እያልኩት፣ ኮቱን አስተካክሎ በእግሩ ይሄዳል። «እኔ ገና ብዙ ሥራ አለብኝ፤ መሞት አልፈልግም» ይላል። ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ! ምን ሥራ እንዳለበት እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

በሰፈራችን ጋሽ ቀመር ይሉታል። ዕድሜውን በሙሉ ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ነው፤ ሻይ ሲያማስል እንኳ ሳያስረዳ አያልፍም። እኔን ደግሞ ባሩድ ይሉኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስሙን ያወጣልኝን ሰውዬ ባውቀው ግን አሳየው ነበር።

አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማረኝ እሱ ነው። ማለፊያው ሃምሳ ነበር፤ እሱ አርባ ዘጠኝ ሰጠኝ። የገዛ ልጁን! መልሱን እኮ አግኝቼዋለሁ፤ ከቁጥሩ ኋላ መለኪያውን አልጻፍኩም፣ በቃ ያ ነው ጥፋቴ። «አስራ ሁለት ብለሻል። አስራ ሁለት ምን? አስራ ሁለት ዶሮ?» አለኝ፣ ያ ሁሉ ተማሪ እየሰማ። እማዬ ስንት ቀን አኮረፈችው! እኔ ደግሞ ይኸው እስከ ዛሬ ዶሮ ባየሁ ቁጥር ቆሽቴ ያርራል።

ታዲያ ዘንድሮ ዓይኑን ታመመ። ቀኝ ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ለጌጥ የተቀመጠ ነው፤ የሚያነበውም፣ ሰው የሚለየውም፣ እኔን የሚገላምጠውም በግራው ነው። እሱው ግራው ላይ ጥላ ወረደበት። ሐኪሟ ብርሃን እያበራች ካየችው በኋላ፣ «ከዓይኑ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን እየተላቀቀ ነው። ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ጥገና አድርገን እንመልሰዋለን። ከዚያ ካለፈ ግን ዓይኑ ይጠፋል» አለችን። ቀጥላም፣ «ሲወጣ ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ ነው ቤቱ የሚገባው። ጭንቅላቱ መናጥ የለበትም። ረጋ ብሎ የሚነዳ ሰው ፈልጉ» አለች።

ደረቴን ነፋሁ። «ሹፌርማ ምን ፍለጋ ያስፈልገዋል? እኔ አለሁ አይደል!»

አባቴ መጀመሪያ ሐኪሟን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። «እንግዲያው ዓይኔ ይቅርብኝ» አለ።

ቤት ስንገባ ጉድ ፈላ። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስትናደድ የስፌት መኪናዋን በባዶው ታስሮጣለች፣ ክርም ጨርቅም ሳይኖረው። የዚያን ዕለት ስፌት መኪናዋ እንደ ባቡር ሲንደቀደቅ ዋለ። ሌላ ታክሲ እንጥራልህ ብንለው፣ «የልጄን ትቼ በሰው መኪና ስሄድ ሰው ምን ይላል?» አለ። በአውቶቡስስ? «ቆሜ ልሂድ? ፊቴን ሰው ጉልበት ላይ ደፍቼ?» ከእኔ ጋር አይሄድ፣ ያለ እኔ አይሄድ!

በመጨረሻ እማዬ እግሯን ከመኪናው ፔዳል ላይ አነሳች። «በቃ ፈትናት!» አለችው። «የለመድከው ሥራ አይደል? ልጅቷን ፈትናት። ካለፈች ትሄዳለህ።»

አባቴ ከዚህ ማምለጫ አጣ። ፈተና አላወጣም ብሎ አያውቅማ።

ማክሰኞ ጠዋት ታክሲዬን ልከፍት ስወጣ ቀድሞኝ ውስጥ ገብቷል። ልብ በሉ፣ ለመሳፈር አይደለም፤ ለመሥራት። እማዬ የአበባ ማሰሮዋን የምትገፋበት ባለ አራት ጎማ ጣውላ አለ፤ እሱን በወንበሮቹ መሃል አስቀምጦ፣ ግራና ቀኝ እንዳይንሸራተት በእንጨት ከልሎታል። ጣውላው ላይ የውሃ ጠርሙስ አስሯል። ከዚያ በእማዬ ነጭ የስፌት ክር፣ አንዱን ወደ ፊት ከሹፌሩ ወንበር እግር ጋር፣ አንዱን ወደ ኋላ ከመጨረሻው ወንበር እግር ጋር አስሮታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሐሙስ የምትጭኚው ሰውዬ ነው። አሁን አዳምጪ። ይሄ ጣውላ ሰነፍ ነው። ከቆመ መነሳት አይወድም፤ መሄድ ከጀመረ ደግሞ መቆም አይወድም። አንቺ ስትነሺ የፊተኛው ክር ጎትቶ ያስነሳዋል። ፍሬን ስትይዢ የኋለኛው ይዞ ያስቆመዋል። ክሩ ለዚህ ስንት ጉልበት ይጠየቃል?»

«አባዬ፣ ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው።»

«ይጠብቅ። መጠነ ቁሱን በፍጥንጥነቱ ታባዢዋለሽ። ጣውላው ከነውሃው ሦስት ኪሎግራም ነው። ፍጥነትሽ በየሰከንዱ በሁለት ሜትር በሰከንድ ከጨመረ፣ ሦስት በሁለት ሲባዛ ስድስት። ስድስት ምን?»

«ዶሮ» አልኩት።

«ኒውተን!» አለ፣ ፈገግ ሳይል። «ትናንት ክሩን ከትምህርት ቤት ባመጣኋት ሚዛን ስቤ ለክቼዋለሁ። የሚበጠሰው ስድስት ኒውተን ላይ ነው። ስለዚህ ከሁለት በታች ከነዳሽ ይዞልሽ ይውላል። ሁለት ደግሞ ለማንም ጨዋ ሹፌር ይበቃል።»

«ማለት እንደ ኤሊ ልሂድልህ?»

«ማን ኤሊ ሁኚ አለሽ? እንደፈለግሽ ፍጠኚ። ፍጥነት ክር አይበጥስም። የሚበጥሰው ችኮላ ነው። ድንገት መነሳት፣ ድንገት መቆም። በአንድ ፍጥነት እስከሄድሽ ድረስ ክሩ መኖርሽንም አያውቅም።» ከታክሲው ወርዶ ጉልበቱን አራገፈ። «እስከ ነገ ማታ፣ ከመነሻ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ደርሰሽ፣ አንድም ክር ሳትበጥሺ ተመለሺ። አንድ ጊዜ ብቻ። ካልሆነ ግን በቃ፣ ቀዶ ጥገናው ይቀራል።»

ምስክር እንዲሆን የተመረጠው ረዳቴ ነው። ሚኒስትሩ እንለዋለን፤ ስልሳ ሊሞላው ነው፣ ክራባት ሳያስር የታክሲ በር አይከፍትም። «እኔ አላዳላም፣ ጋሼ» ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዳተኛ!

ሞተሩን አስነሳሁ፤ ማርሽ አስገባሁ፤ ነዳጅ ሰጠሁ። ጢቅ! አለ ከኋላዬ። ገና ከበራችን ፈቀቅ አላልንም። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያየናል። እንደዚያ ቆሞ በማየቱ ነው ደሜ የፈላው።

የዚያን ቀን ያየሁትን መከራ ለጠላቴም አልመኝ። ሚኒስትሩ ኪሱ ውስጥ የክር ጥቅልል ይዞ፣ በየፌርማታው እየተንበረከከ የተበጠሰውን ይቀጥላል። ተሳፋሪው ደግሞ አንዴ ነገሩን ከሰማ ወዲያ መካሪዬ ሁሉ በዛ። አንዷ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ የኔ ልጅ» ትለኛለች። አንዱ፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያለኝን ሰውማ መቁጠር ትቻለሁ። እንቁላሉ እንኳ ይህን ያህል ምክር ሰምቶ አይመስለኝም በእግሩ የሄደው! አንዲት ፊት ለፊቴ የገባች የቤት መኪና ፍሬን አስይዛኝ የኋለኛው ክር ሲበጠስ፣ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ ልሰድብ አፌን ስከፍት፣ ታክሲው በሙሉ በአንድ ድምፅ «ክሩ!» ብሎ ጮኸብኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ተሳፋሪዬ አፌን ሲያዘጋኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ረቡዕ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እስከ ዛሬ እነዳ የነበረው ከፊቴ ያለችውን መኪና ቂጥ እያየሁ ነው። እሷ ስትቆም እቆማለሁ፤ ስትነሳ እነሳለሁ፤ ስትዘገይ እናደዳለሁ። ክሩ እንዳይበጠስ ግን ሩቅ ማየት አለብኝ። መብራቱ ቀይ ሊሆን ሲል ከወዲያ ማዶ አይቼ እግሬን ከነዳጁ ላይ ማንሳት፣ ከፊቴ ሰፊ ቦታ መተው፣ የሚገባውን ማስገባት። ማስገባት! እኔ! በመስታወቴ አጮልቄ ሳይ ክሩ ለስለስ ብሎ ተንጠልጥሏል። ወጠር ሲል እግሬን አላላለሁ፤ ሲረግብ እጨምራለሁ። ሌባ ጣቴን ይዞ የሚመራኝ ያህል ተሰማኝ። ፍጥነቴም ያን ያህል አልቀነሰም፤ ሰው ሁሉ በሰዓቱ ደርሷል።

የመጨረሻው ዙር ላይ እስከ ጫፍ ሄደን ግማሹን ተመለስን፣ አልተበጠሰም። ሚኒስትሩ ክራባቱን አላላ። ተሳፋሪው አንገቱን ወደ ክሩ አስግጓል፤ ከፌርማታቸው ያለፉ ሁለት ሰዎች እንኳ ጉዱን አይተን እንወርዳለን ብለው ተቀምጠዋል። ልንደርስ አንዲት ፌርማታ ቀረችን። ፍሬኑን እንደ ሕፃን ጉንጭ ነካ አደረግኩት።

ጢቅ!

ሚኒስትሩ የተበጠሰውን ክር በሁለት ጣቱ አንስቶ፣ «አዝናለሁ» አለ። ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ ትከሻዬን እየነኩ ወረዱ፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው። እኔም ክር የለ፣ ምን የለ፣ እስከ ቤት እንደ ነፋስ ነዳሁ።

«ተጭበርብሬያለሁ!» እያልኩ ነው የገባሁት። «እንደዚያ ነድቼ በሁለት አይበጠስም! በጭራሽ! ቀመርህ ውሸታም ነው!»

«ቀመር አይዋሽም» አለ አባቴ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ። ግን የተደሰተ አይመስልም። እንዲያውም ፊቱ ጥቁርቁር ብሏል። «ፈተናው አልቋል። በይ ለሐኪሟ ደውዪና ቀርቷል በያት።»

እማዬ መቀሷን አስቀመጠች። «ሚዛንህን አምጣ» አለችው። የክሩን አንድ ጫፍ በጠረጴዛው እግር አሰረች፣ ሌላውን በሚዛኑ መንጠቆ ላይ አሰረችና ቀስ እያለች ሳበች። ሚዛኗ የድሮ ናት፤ ቁጥሮቿ በስንት ዘመን ተማሪ ጣት ተጠርገው አልቀዋል፣ የቀሩት መስመሮቹ ብቻ ናቸው፤ አንዱ መስመር አንድ ኒውተን ነው። ጠቋሚዋ አንደኛውን መስመር አለፈች፣ ሁለተኛውን አለፈች፣ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ክሩ ተበጠሰ። እማዬ ሌላ ክር አሰረች። አሁንም ሦስተኛው ላይ።

«ሦስት ነው» አለች።

«ስድስት ነው!» አለ አባቴ። «እኔ የለካሁትን አንቺ ታርሚኛለሽ? ወዲህ በይው!» ሚዛኗን ተቀብሎ አፍንጫው ድረስ አስጠጋና በሌባ ጣቱ መቁጠር ጀመረ። «አንድ...» ጣቱ የመጀመሪያው መስመር ላይ አረፈ። «ሁለት...» ጣቱ ከመስመሩ ትንሽ ወረድ ብሎ ባዶው ቆርቆሮ ላይ አረፈ። እዚያ ምንም መስመር የለም። «ሦስት...» አለ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ።

እኔና እማዬ ተያየን። እሱ መቁጠሩን ቀጠለ፤ ከዚያ ድምፁ እያነሰ ሄዶ አራት ላይ ቆመ። ጣቱን መለስ አድርጎ ቆርቆሮውን ዳሰሰ። መስመሮቹ ጎድጎድ ያሉ ናቸው፤ ጣት አይስታቸውም። እንደገና ዳሰሰ። ሚዛኗን ጭኑ ላይ አስቀመጣት።

«አንዱ መስመር ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች እማዬ።

«ሰንብቷል።»

«ለሐኪሟ ለምን አልነገርካትም? ለእኔስ?»

አባቴ ሚዛኗን ጭኑ ላይ ገለበጣት። «ፈርቼ» አለ። «ዓይኔን ሲነካኩት ጨርሶ ቢጠፋስ? አሁን ቢያንስ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁም ቢሆን አያችኋለሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «ያንቺን አነዳድ ሰበብ አደረግኩት። ሰበብነቱ ደግሞ ጥሩ ሰበብ ነው፣ እሱን አልክድም።»

ይዤው የገባሁት ንዴት የት እንደገባ እንጃ። አባቴ የሚፈራ ሰው መሆኑን ማን ነግሮኝ! ልቅሶዬ ሊመጣ ሲል፣ እንደ ልማዴ ጩኸት አስቀደምኩ።

«ቆይ እስቲ!» አልኩ። «ክሩ የሚበጠሰው ሦስት ላይ ከሆነ፣ ጣውላው ሦስት ኪሎግራም ከሆነ፣ ሦስት ለሦስት ሲካፈል አንድ ነው። የሰጠኸኝ ገደብ ሁለት ሳይሆን አንድ ነው!»

«አንድ ምን?» አለ፣ ከልማድ የተነሳ።

«አንድ ሜትር በሰከንድ፣ በየሰከንዱ! ዶሮ እንዳይመስልህ!»

ሳቀ። እማዬም ሳቀች። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም። «ለጨዋ ሹፌር ሁለት ይበቃል ብለሃል። እኔ ግን ያንን ሁሉ መንገድ፣ ያንን ሁሉ መብራት፣ ከአንድ በታች ነው የነዳሁት። የተበጠሰብኝ አንዲት ፌርማታ ሲቀረኝ ነው። አሁን እረመኝ! አልፌያለሁ ወይስ ወድቄያለሁ?»

ክሩን በጣቱ እያፍተለተለ ብዙ አሰበ። እኔ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ አልኩና፣ ጮክ ሳልል፣ «ፍርሃትህንም ይዘኸው ግባ፣ አባዬ፤ ታክሲዬ ለሁለታችሁም ወንበር አለው» አልኩት።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?» አለ።

ለሐኪሟ ግን ያን ማታውኑ ደውለን ሁሉንም ነገርናት፤ ስልኩን የያዘው ራሱ ነው።

ዓይኑ እንደዳነ አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ አብራችሁኝ አትጨነቁ። ዛሬ የሚዛኗን መስመር አንድ አንድ አድርጎ ይቆጥራል፤ እኔንም አንድ አድርጎ ይገላምጠኛል። ሐሙስ ዕለት ግን ይህን ማን ያውቃል? ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሟ ስታስረክበን፣ «እኛ የምንችለውን አድርገናል። የቀረው መንገዱ ነው» አለችና እኔን አየችኝ። ወጥቼ የታክሲዬን ጎማዎች አንድ በአንድ ፈተሽኩ።

እማዬ ሌሊቱን መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ትራስ ሰፍታ አድራለች። አባቴ መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን እሱ ላይ ደፋ፤ እሷ ማጅራቱን ያዘች። ማንም ሳያዘኝ ጣውላውን ከነውሃው መሃል አስገብቼ፣ ከዚያው ጥቅልል ክር ቆርጬ አሰርኩ። ሚኒስትሩ አዲስ ክራባት አስሮ አጠገቡ ተንበረከከ። መንገድ ላይ አንድ ሰው እጁን ቢያወጣ፣ ሦስት ሰው በጫነ ታክሲ መስኮት ብቅ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ሞልቷል» ይላል።

ነዳሁ። ከኋላዬ ያለው ጥሩምባውን አስጮኸው፤ ይጩኸው። አንዱ ፊቴ ጥልቅ አለ፤ ቦታውን ቀድሜ ትቼለት ነበር፣ ይግባ። የመንገድ ጉብታ ሲመጣ ጎማዬን አንድ በአንድ አሻግራለሁ። መብራቶቹን ከሩቅ እያየሁ፣ ክሩን በመስታወት እያየሁ፣ የትራሱን ጠርዝ እያየሁ። ላቤ ወረደ እንጂ አፌ አልተከፈተም። ባሩድ ያለኝ ሰውዬ አጠገቤ በነበረና ባየኝ!

በራችን ላይ ደረስን። ክሩ እንደታሰረ ነው፤ ውሃው ጠርሙሱ ውስጥ እንደረጋ። እጄን ከመሪው ላይ ማንሳት አቃተኝ። ሚኒስትሩ በክራባቱ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። ሞተሩ በቀስታ እንደበራ ነው።

ከትራሱ ውስጥ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ የታፈነ፣ ትዕግስቱ ያለቀ። «አንቺ ልጅ» አለ፣ «ምን ትጠብቂያለሽ? አንነሳም እንዴ?»

የማደንዘዣው ነገር ይሁን የእሱ ተንኮል፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። እማዬ አፏን በእጇ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ልመልስለት ፈልጌ እንባዬ ቀደመኝ። ሞተሩን አጠፋሁና ወደ ኋላ ዞርኩ።

«ደርሰናል፣ አባዬ» አልኩት።